ለቀልድ ሎተሪ የተሰጠ ጥላ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ተጋድሞ በስልኩ ፊልም ሲያይ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ፊልሙን ከመጀመሪያው አላየሁትም። ሰውየው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዐይኑን ሲያፈጥ፣ ከዚያም አልጋው ላይ ወጥቶ ሲዘል ግን የሎተሪ ፊልም መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። የእነዚህ ፊልሞች መንገድ አንድ ነው። ድሃው ይደርሰዋል፣ ወይም ደረሰኝ ይላል፤ ትናንት የሰደበው ሰው ዛሬ ወንበር ይስብለታል፤ አይቶት የማያውቀው አጎት ከገጠር ይመጣል፤ በመጨረሻ ወረቀቷ ትጠፋለች፣ ወይም ፍየል ትበላታለች። ልጄ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አልሳቀም።

"እማ፣ ሰው ሲቀልድ ነው እንዴ አንቺ የምትፈሪው?" አለኝ።

እውነቱን ነው።

ልጅ ሆኜ ሰቆጣ የመጣሁት ለወንድሜ ለሞገስ ምግብ ላበስልለት ነው። እሱ ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ ነበር፤ መንደራችን ደግሞ ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናታችን ቤቱን ብቻዋን ይዛ፣ በገበያ ቀን ከሚወጡ ጎረቤቶች ጋር ዱቄትና ሽሮ፣ አንዳንዴም በቅል ማር ትልክልናለች። እኔም እግረ መንገዴን ትምህርት ቤት ገብቼ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። የተከራየናት ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ጠዋት ፀሐይ የምትገባባት አንዲት መስኮት ብቻ ነበረቻት። ዛሬ ሳስባት ግን ሰፍታ ነው የምትታየኝ።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተከልሏል። ከቀን ብርሃን ወደዚያ ጨለማ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይታይም፤ ሽታ ብቻ ነው፤ የተቆላ ሽምብራ፣ ዝናብ የነካው ጋቢ፣ የሰው ትንፋሽ። ከዚያ የአዲስ አበባ ሰዎች ከጨለማው ውስጥ እየሳቁ ብቅ ይላሉ። እኔ ያኔ ተዋናይ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። ፊልሙ ላይ ሎተሪ የደረሰው ሰው በቃ ደርሶታል፤ እኛ ወጥተን ከሄድን በኋላም እዚያው ሀብታም ሆኖ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። እስካሁን ያ ቤት አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣል። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም ሰው ይስቃል፤ ድምፅ ግን የለም።

ሞገስ ከሁሉ የወደደው የአንድ ዘበኛ ታሪክ ነበር። ዘበኛው ምንም ሳይደርሰው ሎተሪ ደረሰኝ ብሎ ያስወራል፤ ማን እንደሚወደው ለማየት። ኪራይ ዘገየ ብላ ዕቃውን ወደ ውጭ የወረወረችበት አከራይ እግርህን ልጠብህ ትለዋለች። ሞገስ ፊልሙን ደጋግሞ አየው። ወደ ቤት ስንመለስ በዚያ በሰቆጣ የድንጋይ አጥሮች መካከል ሆዱን ነፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ዘበኛው ይራመዳል፤ የቆመውን አህያ ሁሉ "እንደምን ዋልክ ወዳጄ፣ ምን ላድርግልህ?" ይላል። ስስቅ ሆዴን ያመኝ ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በገበያ ቀን፣ አያ ሞላ የሚባሉ የመንደራችን ሰው ከእናቴ የተላከ ስንቅ ይዘውልን መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ግን አያርፍም። ሞገስ ወደ እኔ በጎን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አያ ሞላ፣ ለሰው የማይነግሩብኝ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎት?"

"ለማን እነግራለሁ? ለበቅሎዬ?"

"ሎተሪ ደረሰኝ።"

አያ ሞላ ቋጠሮውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ። "የትኛው?"

"ትልቁ።"

"በስመ አብ። ያ ንፍጡን መጥረግ ያቃተው ልጅ" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ካለችን አንዲት በርጩማ ላይ ብድግ ብለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮውን ሲቆነጥጡት የኖሩትን ልጅ "ይቀመጡ እንጂ" አሉት። አንቱ አሉት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሳይመሽ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ውኃ አበዛችሁ እያለች ስትጮህብን የኖረች አከራያችን ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ልክ እንደ ፊልሙ። ሞገስ ዳቦውን እየጎረሰ ከሳቁ ጋር ይታገላል።

"ሞጌ፣ ይሄ ነገር እምዬ ዘንድ ይደርሳል" አልኩት።

"ይድረሳ። ትስቃለቻ።"

"እምዬ እኮ ፊልም አይታ አታውቅም።"

"አንቺ ደግሞ ጭንቀት አታጪም" ብሎ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ።

ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ወደ ቤት ሄድን። ኅዳር በእኛ አገር ሰማዩ የታጠበ ነው፤ ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ድንጋዩ ሁሉ ይሞቃል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከየአውድማው ገለባ በነፋስ ይነሣል፤ አየሩ ራሱ ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስላል። በዚያ መንገድ ላይ ዐጫጆች ማጭዳቸውን ጥለው እየመጡ ወንድሜን ሰላም አሉት። አንዲት አሮጊት ጉልበቱን ይዘው መረቁት። በየአቀበቱ የሞገስ ሳቅ እያጠረ ሄደ፤ መንደራችን ስትታየን ጭራሽ ጠፋ።

በራችን ላይ ቆምኩ። የቦራ ካስማ ባዶውን ቆሟል። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጊደራችን ነበረች፤ አንዲት ከብታችን። በዓመቱ ትወልዳለች፣ ወተት እናገኛለን ተብሎ ቤቱ ሁሉ የሚጠብቃት እሷን ነበር።

እናቴ እልል እያለች ወጣች። ሞገስን አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብታን በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ከመደቡ አነሣች። ስትፈታው አረንጓዴ ከፈይ የለበሰ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የወረደበት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር።

"የተሳልኩት አንተ ሰቆጣ የገባህ ዕለት ነው" አለችው። "የልጄ ዕድል ከበራ ጥላ አገባለሁ ብዬ። ይኸው ሚካኤል አላቆየኝም። ቦራን አያ ሞላ ገዙኝ፤ ጥላውን እዚሁ አሰፋሁት። ነገ ታቦቱ ሲወጣ ይገባል።"

በፊልሙ ሎተሪ የደረሰውን ሰው ሁሉም ሊወስድበት ይመጣል። ስለ እሱ ቀድሞ ተስሎ የሚጠብቅ ሰው በአንዱም ፊልም አላየሁም። እኛም እናታችን ስለት እንዳለባት አናውቅም ነበር።

መደቡ ላይ የነፍስ አባታችን ቄሱና አያ ሞላ ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። ሞገስ ፊቱ አመድ መስሏል። ጠጋ ብዬ "ነገ ከገባ በኋላ አይመለስም" አልኩት በጆሮው። ለታቦት የተሰጠ ነገር እንደማይመለስ እሱም ያውቃል።

"እምዬ" አለ። "ቀልድ ነው።"

"ምኑ?"

"ሎተሪው። ምንም አልደረሰኝም። ፊልም ላይ አይቼ ነው ያወራሁት።"

የአያ ሞላ ዋንጫ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። እናቴ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል፤ በኽምጣኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ፊልም ምንድን ነው? አለች።

ቄሱ ቀስ ብለው በክርስትና ስሟ ጠሯት። "ወለተ ሚካኤል፣ ነገሩ ካልሆነ ስለቱም የለም። አያስርሽም።"

"ጊደሯም በረቴ ናት" አሉ አያ ሞላ። "አሁኑኑ ትምጣልሽ። ጥላውን ሌላ ደብር ይገዛዋል። ወሬውን ያመጣሁትም እኔው ነኝ።"

ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ሊመለስ ይችል ነበር። እኔ በልቤ እሺ በይ፣ እሺ በይ እላለሁ። እናቴ የጥላውን ዘርፍ በጣቷ እያበጠረች ብዙ ቆየች።

"እልል ብያለሁ እኮ አባ" አለች በመጨረሻ።

"ማን ሰማሽ?"

"ሚካኤል ሰምቷል። ሰው ቢቀልድ እኔ አልቀለድኩም። እልልታዬን መልሼ ልዋጠው?"

በማግስቱ ጥላውን ለሞገስ አስያዘችው። "ያንተ ነው፣ አንተው ተሸከመው" ብቻ አለችው። ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ከየጥጉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይፈሳል፤ ከሩቅ ሲያዩት ደመና ዳገት የሚወጣ ይመስል ነበር። ስጦታው ለሕዝቡ ከመነገሩ በፊት ቄሱ ወደ እናቴ ጎንበስ አሉ።

"ምን ብዬ ልናገር?"

"የልጇ ዕድል ገና ነው፤ እሷ ቀደመች ይበሉ።"

እንዳለችው ተናገሩ። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ተያየ፤ ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ እልልታው ተነሣ። ወንድሜ ከፈዩ አረንጓዴ ጥላ ጥሎበት፣ እንባው እየወረደ፣ እጁ ስለተያዘበት ሊጠርገው አልቻለም።

ከበዓሉ በኋላ አያ ሞላ ቦራን እየነዱ መጡ። "ሣር አጥሮኛል። አርቢልኝ፤ የምትወልደውን እንካፈላለን" አሉ። ሣር እንዳላጠራቸው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቦራ በድሮ ካስማዋ ታሰረች፤ የሰው ሆና እኛው ቤት ኖረች፤ ወተቷንም ጠጣን። ሞገስ እያንዳንዱን ክረምት ከእናቴ ጋር እያረሰ ትምህርቱን ጨረሰ። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ሎተሪ ቆርጦ አያውቅም። እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

የልጄ ፊልም አለቀ። ልጄ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤት እየጠበቀ ነው። ሌሊት ሲገላበጥ እሰማዋለሁ፤ እኔም እንደማልተኛ አይነግረኝም እንጂ ያውቃል። ስለ እሱ ምን እንደተሳልኩ ግን አያውቅም። እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም።

ስልኩን አስቀመጠና "እማ፣ ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ ወድቄያለሁ ብዬ ነው የማስደነግጥሽ" አለኝ።

"እሱን እችለዋለሁ" አልኩት። "አልፌያለሁ ብለህ ግን እንዳትቀልድብኝ።"

"እሺ" አለ እየሳቀ። ቀልደኛ ልጅ ነው፤ እሺታውን አላምነውም። ስለዚህ ያን ዕለት ውጤቱን በገዛ ዐይኔ እስካየው ድረስ እልል እንዳልል አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ልቀመጥ ወስኛለሁ። ራሴን ግን አውቃለሁ፤ አልጠብቅም።