ፎቶ ውስጥ አልገባ ያለው ኮከብ

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስመለስ የልጄ ልጅ ረሒማ፣ በዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ፣ የሟች አክስቴን ቀለበት ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጣ በስልኳ ፎቶ ስታነሳ አገኘኋት። ሥራዋ የነጋዴዎችን ጌጣጌጥ እያነሳች በቴሌግራም ማውጣት ነው። «አባባ፣ በሩን ይዝጉልኝ፣ ብርሃን እንዳይገባብኝ» አለችኝና እኔም በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ጥግ ይዤ ቆምኩ። የሌላ ስልክ ባትሪ አብርታ ከላይ ብትይዝበት፣ ያ ከሰል የመሰለ የቀለበቱ ድንጋይ መሐሉ ላይ ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ አወጣ። ባትሪውን ወዲያ ስትለው ኮከቡም ወዲያ ተንሸራተተ፤ እኔን ደግሞ ይዞኝ አሊዩ አምባ ሄደ፣ አክስቴ ዘይነባ ደጃፍ።

አክስቴ የአባቴ እኅት ናት። ልጅ ስላልነበራት ወላጆቼ እኔን ለመላላኪያ ብለው ሰጧት፣ ያደግኩትም እሷ ዘንድ ነው። ቤቷ በድንጋይ የተሠራ፣ ውጪው እንደ ምጣድ ሲግል ውስጡ የሚቀዘቅዝ፣ ጥጥ ጥጥ የሚሸት ቤት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ትፈትላለችና። ረፋድ ላይ ፀሐይ በደጃፉ ስትገባ እንዝርቷን ታስቀምጥና ኮከቡን ታሳየኛለች። እጇን ስታዘነብል ኮከቡ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የድንጋዩ ዳር ሲደርስ ያበቃለታል። «አየኸው፣ እሱም እንደኔ ግቢውን ነው የሚዞረው» ትልና ትስቃለች። እኔም ቀልድ መስሎኝ አብሬ እስቃለሁ።

ባሏ ነጋዴ ነበር፤ ጅቡቲ ወርዶ ሌላ ትዳር ይዞ በዚያው ቀረ። አልመጣም፣ አልፈታትም። ያ ቀለበት በኒካሗ ጊዜ የሰጣት መህሯ፣ የጋብቻ ስጦታዋ ነው። ታዲያ ጀውሃ ላይ እህል የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ደግ ሰው ሽማግሌ ላከባት። እሷም ወዳው ነበር፤ ከጀውሃ ለመጣ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ውሃ ይቀርብለት ስለነበር ልጅ ብሆንም አውቄያለሁ። መህሬን ልመልስልህና ፍታኝ ብላ ወደ ባሏ ላከች። እሱም በሲራራ ነጋዴ አፍ፣ «ሸጣዋለች ሲሉ ሰምቻለሁ። በእጇ ካለ ከነኮከቡ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ ከዚያ ለወንድሜ አስረክባው ትሂድ» ብሎ መለሰ።

በገበያ ቀን ከደብረ ብርሃን የሚወርድ፣ ካሜራውን በአህያ የሚጭን ጋሽ ታደሰ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ደገኛ ነውና ፀሐያችንን እንደ ባላንጣ ነበር የሚያያት። «የቆላ ፀሐይ ፊት ታበላሻለች» እያለ ከላይ ነጭ አቡጀዲ ሳይወጥር ማንንም አያነሳም፤ እውነትም እዚያ ጨርቅ ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሙሽራ መስሎ ይወጣል። የአክስቴንም እጅ እዚያው ጥላ ሥር አስቀመጠና «ድንጋይ ጥሩ ደንበኛ ነው፣ ዓይኑን አያርገበግብም» ብሎ የተሰበሰበውን ሰው አሳቀ። ፎቶው ሲወጣ እጇ አምሮ፣ የመዳፏ ጠርዝ መስመር ሳይቀር ይለያል። ድንጋዩ ግን የጠፋ ከሰል ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ኮከቡስ የታለ?» አለችው።

«እትዬ ዘይነባ፣ እንዲህ ያለው ለዓይን ነው እንጂ ፎቶ ውስጥ አይገባም» አላት። በቅን ልቦናው ነው፤ እሱም እውነት መስሎት። አክስቴም አመነችው፣ አገሩም አመነው። ሌላ ፎቶ ይነሳ ያለ ሰው አልነበረም፣ አይገባማ። «ግድ የለም፣ ድንጋዩን ያውቀዋል» ብላ ያንኑ ላከችው።

«ይቺ የኔ ቀለበት አይደለችም» የሚል መልስ መጣ።

የጀውሃው ሰውዬ ጥቂት ታገሠና ሌላ አገባ። የሠርጉ ለት አክስቴ አንገቷን ደፍታ ስትፈትል ዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ከጀውሃ የመጣ ሰው ውሃ ሲጠማው ራሱ መጠየቅ ነበረበት። ዘመኑ ተለወጠ፣ ሲራራው ቀረ፣ እኛም መኪና መንገዱን ተከትለን ሸዋ ሮቢት ወረድን። ነይ ብንላት፣ ብንለምናት፣ «የሰው ሚስት አይደለሁ እንዴ? ትቶኝ የሄደበት ቤት ነው የምገኘው» አለችን። እዚያው ቤት፣ እዚያው ደጃፍ፣ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ሰፍቶ እየዞረ፣ ነፍሷ ወጣች። አላህ ይዘንላት።

«እንዴት አድርገሽ አወጣሽው?» አልኳት ረሒማን።

«ቀላል ነው አባባ። የሚፈልገው አንድ ብርሃን ብቻ ነው፣ ፊት ለፊት። ጨርቅ ከጋረዱበት ወይ ከየቦታው ከበራበት ይጠፋል።»

ተቀመጥኩ። በዚያች ቀን አሊዩ አምባ ላይ ፀሐይ ሞልታ ነበር። አቡጀዲውን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረው።

«ለማን ልላክልዎት?» አለችኝ ስልኳን እንደያዘች። ጅቡቲ ያለውም፣ ጀውሃ ያለውም፣ የቀለበቱም ባለቤት አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። «እኔው ጋ ይቀመጥ» አልኳት። መስኮቱን ስትከፍተው ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ገባና የቀለበቱ ኮከብ ጠፋ። ስልኩ ላይ ያለው ግን እንዳለ ነው፤ ድንጋዩ መሐል ቆሞ፣ ከእንግዲህ ዳር ድረስ እንኳ አይሄድም።