ፕሪንተሩን ያለበስነው ባና

ትናንት አንቺን ለማስመዝገብ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ስንገባ ሠራተኛው ፕሪንተሩን አበራው። ማሽኑ ወረቀት ከመሳቡ በፊት ከሆዱ ክር፣ ክር የሚል ድምፅ አሰማ። ቀለም የሚስበው ትንሹ ፓምፕ ነው። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ አንቺም «አባዬ፣ ተራችን ደርሷል» ብለሽ ኮቴን ጎተትሽ። ያኔ ያልነገርኩሽን አሁን ልንገርሽ። እናትሽ ታውቀዋለች።

ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ እኔ፤ ማሽን ማንም ሳያስተምረኝ ፈትቼ የምገጥም፣ በዚህም ከልክ በላይ የምኮራ ጎረምሳ። ሁለተኛዋ አብራኝ የምትሠራው ልጅ፤ ፊደሉን ሳታይ የምትተይብ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ሦስተኛው አባቷ፤ በከተማችን በመሐል ሜዳ ዳር የሚኖሩ፣ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሸምኑ፣ ጣቶቻቸው ከበግ ጠጉር ቅባት የተነሳ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቁ። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ቤቱን የምትደግፈው ልጅቷ ነበረች።

ሱቃችን መናኸሪያው አጠገብ ነበረች። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ የሠርግ ጥሪ እናትማለን። ፕሪንተሩ ቀለም የሚያገኘው ጎኑ ከተቀመጡ አራት ጠርሙሶች በቀጭን ቱቦ ነው። ጠርሙሶቹ ቀለሙን ከሚረጨው የማተሚያ ራስ ከፍ ካሉ ቀለሙ ተገፍቶ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ በጣም ዝቅ ካሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ቱቦው አየር ይሞላል። ከሥራቸው የጣውላ ቁራጭ እየጨመርኩና እየቀነስኩ፣ ስንት ወረቀት አበላሽቼ ነው ልኩን ያገኘሁት። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ የማተሚያው ራስ ወደ ዳር ሄዶ ትንሽ የጎማ ክዳን ላይ ያርፋል። ጎማው ጥብቅ ብሎ ከገጠመ፣ ከሥሩ ያለው ፓምፕ ሲስብ ቀለሙ ይከተለዋል። ካልገጠመ የሚስበው አየር ብቻ ነው።

በኅዳር ውርጩ ሲበረታ ሽማግሌው ለገበያ መጥተው ወደ ሱቃችን ጎራ አሉ። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነኩ ሁሉ ማሽኑን በእጃቸው ጀርባ ነኩት።

«እናንተ ሁለት ሦስት ደርባችሁ፣ ይህን ራቁቱን ታሳድሩታላችሁ?»

ሳቅን። በሳምንቱ በልኩ የተሸመነ ጥቁር ባና ይዘው መጡ፤ ለቱቦዎቹ መውጫ እንኳ ትተውለታል። የአዲስ ጠጉር ሽታው ሱቁን ሞላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንዘጋ የማለብሰው እኔው ነበርኩ። እሳቸውም በየገበያው ቀን ብቅ ብለው «እህስ፣ ሞቀው?» ይላሉ። እኔ «ሞቀው አባባ» እላለሁ፤ ልጅቷ በኩራት ፊቷ ይበራል።

ጥር ላይ፣ ሠርጉ በበዛበት ሰዓት፣ ሕትመቱ መስመር መዝለል ጀመረ። ቀለም ለወጥኩ፤ ያው ነው። እልህ ይዞኝ፣ በግድ ይውረድ ብዬ ጠርሙሶቹን ከፍ አደረግኳቸው። ምሳ በልቼ ስመለስ የአንድ ሙሽራ ጥሪ በሙሉ በቀለም ጠቁሮ ጠበቀኝ። በማግስቱ ከወትሮው ቀድሜ ሱቅ ስገባ፣ ልጅቷ የማሽኑን ክዳን ከፍታ እጇን ውስጥ አስገብታ አገኘኋት።

«ለካ አንቺ ነሽ የምታበላሺው» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

እጇን ከማሽኑ አወጣች። ጣቶቿ በቀለም ጠቁረው ነበር፤ አንድ ነገር ጨብጣለች፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ማን እንደሆነ አለመናገሯን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠርኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ፣ የሄደችው ማሽን ስለምታበላሽ ነው አልኩ። ትንሽ ከተማ ነው፤ ወሬው ደረሰ፤ የሚቀጥራት ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብረ ብርሃን፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች።

እሷ ስትሄድ ማሽኑ መዳን ነበረበት። ባሰበት እንጂ። አንድ ቀን ባዶ ወረቀት አውጥቶ ቆመ። ፈታሁት። በጎማው ክዳን ከንፈር ዙሪያ የባናው ጠጉር ተኝቷል፤ ክዳኑ ስላልገጠመ ፓምፑ ያን ሁሉ ጊዜ አየር ሲስብ ኖሯል። ሙቅ ውሃ በነካ ጥጥ ጠረግኩት፤ ቀለሙ ወዲያው መጣ። ያን ጠዋት የጨበጠችው ነገር ትዝ ብሎኝ የእሷን መሳቢያ ከፈትኩ። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ቀለም የጠጣ የጠጉር ድብልብል አገኘሁ። ለካስ እኔ ሳልመጣ በየጠዋቱ እየለቀመች ነበር ማሽኑን ያቆየችው።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አክስቷ በር ላይ ቆመን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከተማውን እየዞርኩ እውነቱን እንደምናገር ነገርኳት።

«እንዳታደርገው» አለችኝ። «ባናው ነው ካልክ አባዬ ይሰማል። ዓይኑ እንዲያ እየደከመ የሸመነው የመጨረሻው ነው። የእኔ ስም ይቅር።»

«እሺ ተመለሺ» አልኳት።

አየችኝ፤ ቁጣ አልነበረባትም። «በእጄ ምን እንደያዝኩ ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር» አለችኝና ውሃ አመጣችልኝ። ጠጥቼ ተመለስኩ።

ለሰው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ እንዴት ሲሉኝ ግን ስለ ባናው መናገር ስለማልችል ያመነኝ ጥቂት ነው። የቀለሙን ግፊት በጣውላ ቁራጭ ልኬ አውቅ ነበር፤ በሰው ላይ የምጭነውን ግን አልለካሁም። ሽማግሌው በመጡ ቁጥር ባናውን አለብሰዋለሁ፣ ሲወጡ አነሳዋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ ጠየቁኝ፤ እስኪሞቱ ድረስ ሞቀው አልኳቸው። የዋሸሁት ለእሳቸው ብቻ ነው፤ አልጸጸትበትም።

ምን አስከፈለ ትይኝ ይሆናል። ማሽኑን ለማዳን አንዲት ቁራጭ ጥጥ በቃች። ሽማግሌው ልጃቸውን በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ብቻ እያዩ አረጁ። እሷ እዚያው ደብረ ብርሃን ትዳር ይዛ ቀረች፤ እዚህ ከተማ ዛሬም ስሟ ሲነሳ ማሽን ያበላሸችው ልጅ ነች። የእኔን ሂሳብ አንቺው ደምሪው።