የደጊቱ ሻንጣና ብርቱካናማው ሻሽ

ደጊቱ መስክ ስትወጣ አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ይህን ነው፦ ጠዋት ለፊቷ አንድ ጣሳ ውሃ፣ ማታ ለእግሯ ሁለት ጣሳ፣ ከሳሙናው የአውራ ጣት የሚያህል፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሸሚዝ። ገንዘቡን መሥሪያ ቤቱ ያስበው። ሸሚዙን ግን የሚወስደው ቀዩ አቧራ ነው። ጠዋት ንጹሕ ሆኖ የወጣ ሸሚዝ ከሰዓት በኋላ አንገቱ ጡብ ይመስላል። ዝናብ የጣለ ዕለት ደግሞ ጉርድ ቀሚሱም አብሮ ይሄዳል።

ሻንጣዋን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ቁጭ ብላ የፈታችው ለዚህ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ኋላ ጥቁር ሰሌዳ፣ የጠመኔ ካርቶንና የናፍጣ በርሜል ስለሚጫንበት ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ጭን ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሻንጣ ብቻ ነች። ደጊቱ ስድስት ልብስ መረጠች፦ አንድ ጥቁርና አንድ አመድማ ጉርድ፣ ሁለት ነጭና አንድ ክሬም ሸሚዝ፣ አንድ ከሰልማ ሹራብ። ነጭ ቢቆሽሽ ይቀቀላል፤ ጥቁር ቢቆሽሽ አይታይም። የትኛውም ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። ሁለት ጉርድ በሦስት ሸሚዝ ስድስት ነው፤ ሹራቡ ሲደረብበት አሥራ ሁለት። ባሏ ለሜሳ ሻንጣዋን ከፍቶ አይቶ፣ «ገዳም ልትገቢ ነው እንዴ?» ሲላት ስቃ አለፈችው። ያን ጊዜ ልብ ብትለው ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርላት ነበር።

ጊዜው አካባቢው ገና ክልል በተባለበት ሰሞን ነው። አሶሳ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ታፔላዎች ቀለማቸው አልደረቀም፤ ሁለት ሠራተኛ አንድ ወንበር ተራ በተራ ይቀመጥበታል። ደጊቱ ባምባሲ ተወልዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ አናጺ አግብታ አሶሳ የምትኖር፣ የሦስት ዓመቷ የኢልሊ እናት ነች። ለሦስት ጉዞ በጊዜያዊነት ቀጠሯት። በመንጌ መንገድ ላይ ባለች አንዲት መንደር የሴቶች የንባብ ክፍል ትክፈት፤ እስከ ሦስተኛው ጉዞ ሠላሳ ሴት ከተመዘገበ ክፍሉም ይቀጥላል፣ እሷም ቋሚ ትሆናለች። ካልሆነ ሰሌዳው ወደ ሌላ መንደር፣ ደጊቱም ወደ ቤቷ።

ሥራውን የፈለገችው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ባምባሲ ውስጥ የጎረቤት ደብዳቤ አንባቢ እሷ ነበረች። ማን ማንን እንደከዳ፣ የማን ልጅ እስር ቤት እንደገባ፣ ሁሉን ታውቅ ነበር። አንዲት ሴት ምስጢሯን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳታሰማ ደብዳቤዋን ራሷ ብታነብ ምን አለበት ትል ነበር።

በመጀመሪያው ጉዞ ሴቶቹ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሞልተው ጠበቋት። ጥቁሩን ጉርድ በነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን በነጠላ ጠቅልላ ተናገረች። ሾፌሩ ማህጁብ ወደ በርታ ቋንቋ አስተረጎመላት። የጠየቀ የለም፤ ያጉረመረመም የለም። አንድ በአንድ እየተነሡ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዳንድ ቃል አንሾካሾኩላትና ተመልሰው ተቀመጡ። ከሱዳን የሚመጣ ጨርቅ የምትነግደውና መንደሩ ሁሉ የሚሰማት ሰዕዲያ ገንፎ አስመጣችላት። መዝገቡ ላይ አንድም ስም አልገባም። ቢሆንም ደጊቱ ሪፖርቷ ላይ «ኅብረተሰቡ እጅግ መልካም አቀባበል አድርጓል» ብላ ጻፈች።

በሁለተኛው ጉዞ አመድማውን ጉርድ፣ ክሬሙን ሸሚዝና ሹራቡን ለበሰች። ደግነቱ ጨመረ። ምንጣፍ አነጠፉላት፤ ዙሪያዋን ዝም ብለው ተቀመጡ። መዝገቡን ስትከፍት ሰዕዲያ መዳፏን አሳርፋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«አሁን አይሆንም» ብሎ አስተረጎመ ማህጁብ፣ መሬት መሬት እያየ።

«መቼ ነው ታዲያ የሚሆነው?»

ማህጁብ ይህን ሳያስተረጉም ቀረ።

ሲመለሱ ደጊቱ ልቧ ወደቀ። አንድ ጉዞ ብቻ ቀራት፤ መዝገቡ ባዶ ነው። መኪናው ውስጥ እንኳ የሚያጽናና ነገር አልነበረም። ማህጁብ ለብቻው ሲነዳ ካሴቱን መንደር እስኪሰማ የሚያስጮኽ ሰው፣ እሷ በሩን ስትከፍት ግን ያጠፋዋል። ዘፈን የማይወድ ሃይማኖተኛ ነው ብላ ነበር። የፍየል መንጋ መንገድ ዘግቶባቸው ቆመው ሳለ አንዲት ፍየል ዘላ የፒክአፑ አፍንጫ ላይ ወጣችና እንደ ሹም ቆማ በመስታወቱ ታያቸው ጀመር። ደጊቱ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች።

ማህጁብ ሞተሩን አጠፋ። ዞሮ አያት።

«ኡስታዛ፣ አንተ ዛሬ ሳቀ!» አለ። ኡስታዛ ማለቱ አስተማሪዋ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «አልሐምዱሊላህ። ቀኑ ኻላስ አለቀ?»

«የምን ቀን ጋሼ ማህጁብ?»

«የሐዘን ቀን። ባል የሞተ።»

«የማን ባል?»

«ያንተ።»

«የኔ? ለሜሳ? ለሜሳ እኮ የወጣሁ ዋዜማ ማታ ሁለት ሰሃን በልቶ ሦስተኛ የጠየቀ ሰው ነው!»

ማህጁብ ራሱን ያዘ። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። በነሱ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ደማቅ ትተዋለች፤ ነጭ ለብሳ፣ ሳትኳል፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። ከወሎ የመጡት ሠፋሪዎች ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ሲያዝኑ ጥቁር ይለብሳሉ። ደጊቱ አንዴ ነጭ በጥቁር፣ አንዴ አመድ በከሰል ሆና ስትመጣ በየትኛውም ወገን ሐዘንተኛ ሆነች። ሴቶቹ በመጀመሪያው ቀን ማህጁብን፣ ባሏ ሞቶባት ነው ወይ ብለው ጠየቁት።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ወላሂ ምንም አላልኩም። ራሴ ብቻ እንዲህ አደረግሁ» ብሎ ራሱን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገ።

«ገደልከዋ!»

«አንተ ካሴት ሲጠፋ ለምን ዝም አለ? እኔ ሁለት ጉዞ ያለ ዘፈን ነዳ!»

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር። ሴቶቹ መማር ጠልተው አልነበረም። በሐዘኗ ቀን ሴት ልጅን ከቤቷ ጎትቶ በመኪና የሚያንገላታ መሥሪያ ቤት ለኛ ምን ሊያዝንልን ነው ብለው፣ እሷ ቀኗን እስክትጨርስ ስማቸውን ላለመስጠት ተስማምተው ነበር።

ቤት ገብታ ስትነግረው ለሜሳ መዶሻውን አስቀመጠ።

«አለቀሱልኝ?»

«ገንፎ አመጡ።»

«ለነፍሴ?»

«በላሁት።»

«ተዝካሬን ለብቻሽ!» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ግን ከልቡ፣ «እነዚህን ልብሶች ጣያቸው» አላት።

ደጊቱ አልጣለቻቸውም። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የጎደለው ቀለም ብቻ ነው። በማግስቱ ገበያ ሄዳ ከልብስ ሰፊው ከሁንዴ ዘንድ የቁርጥራጭ ጆንያውን አስገለበጠች። ሁንዴ፣ «ለትራስ መሙያ ያስቀመጥኩት ነው፣ እህቴ። ምርቃት ካለሽ ውሰጂ» አላት። ከሱዳን ጨርቅ ቅሪት ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቀይ መረጠች። ማታውን በእጇ ሰፋች፦ አንድ ገጹ ብርቱካናማ፣ ሲገለበጥ አረንጓዴ የሆነ ሻሽ፤ እንደዚያው በሁለት ገጽ የሚታሰር መቀነት፤ በቁልፍ ሸሚዙ ላይ የሚገባና የሚወጣ ቀይ ኮሌታ። ሦስቱም ተጠቅልለው ከሹራቡ አንድ እጅጌ ውስጥ ገቡ፤ ሻንጣው አልከበደም።

መጀመሪያ ሁሉንም ባንዴ አድርጋ ብትወጣ ኢልሊ አጨበጨበች።

«እማዬ ሠርግ ቤት ሆነች!»

ስለዚህ ሕግ አወጣች። በቀን አንድ ቀለም፣ ሁለት ቦታ ብቻ፦ ራስ ላይና ወገብ ላይ። የቀረው ልብስ ዝም ይበል። አንገቱ ቡናማ የሆነ ሸሚዝ ካለ ቀዩ ኮሌታ ይሸፍነዋል፤ ያን ቀን ቀይ ለብቻው ነው። የቀኑን ቀለም የምትመርጠው ኢልሊ ሆነች። ለሦስተኛው ጉዞ ጣቷን ብርቱካናማው ላይ አሳረፈች።

ያን ቀን ማህጁብ ሻሹን ሲያይ «ማሻአላህ!» ብሎ ካሴቱን እስከ ጥግ ከፈተው። እየዘፈነ መንደር አስገባት።

ሴቶቹ ግን አልሳቁም። በመካከላቸው አንድ ትሪ ስኳርና ቡና ነበር፤ ለሐዘንተኛዋ ያዋጡት ነው። ሰዕዲያ ሻሹን አየች፣ መቀነቱን አየች፣ ከዚያ ማህጁብን ጠርታ ፊቷ አቆመችው። ምን እንደተባባሉ ደጊቱ አልገባትም፤ እሱ ግን እንደ ልጅ ጣቶቹን ሲያፍተለትል አየች። በመጨረሻ ዞረ።

«ባል አልሞተም አልኩ። አንተ ቀድሞም ዋሽቷል፣ አሁንም ዋሽቷል አለኝ ሰዕዲያ። ሁለት ጊዜ ሐዘን ተቀምጠናል፣ ምስክር ይምጣ አለ።»

ደጊቱ ነገሩ ገባት። ደግ ያለችው ሰው ሁሉ ተታለልን ብሎ ቢነሣ መዝገቡ አበቃለት። ፎቶ የላት፣ ሰው የላት። ሻንጣዋን ከፍታ ትበረብር ጀመር፤ ከከሰልማው ሹራብ እጅጌ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የለሜሳ ጽሕፈት ነው። ጠዋት ደብቆ ያስገባው መሆን አለበት። አነበበችው፤ ፊቷ በራ።

«ጋሼ ማህጁብ፣ እንዳለ ተርጉምልኝ። ‹ሳሙና አልቋል። ሬሳህን በምን ልጠብ እንዳትይኝ፣ ስትመለሺ ሳሙና ይዘሽ ነይ። ሟቹ ባልሽ።›»

ማህጁብ አስተረጎመ። ከዚያ ከኋላ አንዲቱ ፍንድት አለች፣ ሁለተኛዋ ተከተለች፣ ማንጎው ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። የሞተ ባል ሳሙና አያዝም! ሰዕዲያ ብቻ አልሳቀችም። ወረቀቱን ወስዳ አገላበጠችው።

«የቱ ጋ ነው ሳሙና የሚለው?» አለች በራሷ አማርኛ። «አሳየኝ። ማህጁብ አላምንም።»

ደጊቱ በጣቷ አሳየቻት። ሰዕዲያ አልበቃትም። ደጊቱ ለሜሳ ራሱ የሠራውን ሰሌዳ ከመኪናው አስወርዳ ዛፉን አስደገፈችውና በትልቁ ጻፈች፦ ሳሙና። ሰዕዲያ ወረቀቱን ከሰሌዳው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየችው። ከዚያ እንደገና በወረቀቱ ላይ ዓይኗን ስታንከራትት ድንገት ጣቷን ታች አሳረፈች፤ ቃሉ ሁለተኛ ቦታ ነበር፣ ማንም አላሳያትም።

«ሁለቴ አዘዘ! እውነት ነው። ሕያው ነው።»

አሁን እሷም ሳቀች። ስኳሩ ይመለስ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለማጽናኛ የወጣ አይመለስም፣ የክፍሉ ሻይ ይፈላበት ብላ ፈረደች። መዝገቡ ተከፈተ። አውራ ጣት እየተቀባ ሃያ ዘጠኝ ሴት ፈረመ። ሠላሳኛዋ ሰዕዲያ ነበረች፤ ጣቷን ወደ ኋላ ሸሸገች።

«እኔ በቀለም አልፈርምም። ጻፍልኝ ስሜን፣ እያየሁ እጽፋለሁ።»

ማህጁብ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዝናብ እየመጣ ነው ብሎ ጥሩንባውን ነፋ። የሰማው የለም። ሰዕዲያ በእንጨት አፈሩ ላይ ጻፈች፣ በእግሯ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ዕ አስቸገረቻት፤ የስድብ ዓይነት ሁሉ አወረደችባት። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ምላሷን ነክሳ፣ ከሁለት መስመር በላይ የሞሉ አራት ፊደላት መዝገቡ ላይ አሳረፈች። ደጊቱ ዝናቡ እንዳይነካባቸው ብርቱካናማውን ሻሽ ከራሷ ፈትታ መዝገቡን ጠቀለለችበት።

ክፍሉ ይኸውና እስከ ዛሬ አለ። ደጊቱም ቋሚ ናት፤ ሻንጣዋ አሁንም ስድስት ልብስ ነው። ያን ቀን መዝገቡ በሻሽ ሲጠቀለል ያዩት ሴቶች ግን ሥርዓት አደረጉት፦ ስሟን የጻፈች ሴት ሁሉ ደብተሯን የምትጠቀልልበት አንድ ደማቅ ጨርቅ ይሰጣት ብለዋል። የሁንዴ ጆንያ ደግሞ እያለቀ ነው።

ስለዚህ ደጊቱ አንባቢን አንድ ነገር ትለምናለች። ቤታችሁ ጥግ የወደቀ፣ ከልጅ ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ካላችሁ፣ በአሶሳ ስታልፉ ገበያው ውስጥ ልብስ ሰፊው ሁንዴ ዘንድ ጣሉላት። ሁለት ስንዝር ይበቃል። ጥቁርና ነጭ ግን እባካችሁ አትላኩ፤ እሱ ሞልቶኛል ብላለች።