ቨርጂኒያ የተጻፈበት ደሞዝ

ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ በምሠራበት ክሊኒክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ደብልዩ ቱዋን ስልኳ ላይ ከፍታ ታይ ነበር። ያው ቀጣሪ በየዓመቱ የሚልከው፣ ደሞዝና የተቆረጠ ታክስ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። «እትዬ ሰናይት፣ ሜሪላንድ እየኖርኩ ደሞዝሽ የቨርጂኒያ ነው ብለውኛል። ሁ ኬርስ፣ ታክስ ታክስ ነው» አለችና ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደሜ ፈላ። «አሁኑኑ ተነሺና ኤችአር ቢሮ ሂጂ፣ ያርሙልሽ» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። ምስኪን፣ ቁጣው የእሷ እንዳልሆነ በምን ታውቃለች?

ነገሩ በእኔ ሲደርስ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ እንደመጣሁ የተቀበለችኝ አክስቴ አሌክሳንድሪያ ስለምትኖር፣ እዚያው አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ስትመጣ ግን የአክስቴ ቤት ጠበበንና ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከምድር በታች ያለች አንዲት ቤዝመንት ተከራየን። ውል የሚባል ነገር የለም፤ ባለቤትየዋ ያገራችን ሰው ናት፣ በቃል ተስማማን። ትዕግሥት ነርስነት ልትማር ነበር። ኮሌጁ እንደ ሜሪላንድ ነዋሪ የሚያስከፍላት እኔ አሳዳሪዋ ለሜሪላንድ ታክስ መሙላቴን ካሳየች ብቻ ነው። ያለዚያ የሚጠየቀው ክፍያ ከእኛ አቅም በላይ ነበር።

ቤት እንደቀየርን ለሆቴሉ አስታውቄያለሁ። ደሞዝ የምትሠራው ሴትዮ ኮል አድርጋኝ በእንግሊዝኛ፣ «አሁን ቨርጂኒያ አትኖሪም?» አለችኝ። «የስ» አልኳት። በእኛ ቋንቋ ምን ጥፋት አለው? አዎ፣ አልኖርም ማለት ነው። ለፈረንጅ ግን አዎ፣ እኖራለሁ ሆኖ ይገባዋል። ሴትዮዋ አመስግና ዘጋችው፤ እኔም በኩራት ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ። እንግሊዝኛ የቻልኩ መስሎኝ።

በዓመቱ ደብልዩ ቱዬ አክስቴ ቤት ደረሰ። ደሞዜ በሙሉ ቨርጂኒያ፣ የተቆረጠው ታክስም ለቨርጂኒያ። ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «እዚህ አካባቢ ደሞዝተኛ ታክስ የሚከፍለው ለሚያድርበት ስቴት እንጂ ለሚሠራበት አይደለም። ይሄንን ቀጣሪሽ ያርመው» አለኝ። የኮሌጁ ቀነ ገደብ ቀርቦ ነበር። የቤት ባለቤታችን ደግሞ ለእናቷ ተዝካር አዲስ አበባ ሄዳለች።

የአለቃዬን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ጋሽ ፍቅሩ እለው ነበር፤ ጋሽነቱን ካነሳሁበት ቆይቷል። አሜሪካ ከገባ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስ፣ መኖሪያውም ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። በየማታው ከሥራ ስንወጣ በመኪናው ድልድዩን ወደ ሜሪላንድ አሻግሮ፣ በረዶና ጨው የላቆጠውን መንገድ አልፎ ደጄ ላይ ያወርደኛል። እውነት ለመናገር ውለታ ነው። እኔም ባዶ እጄን አልቀረሁም፤ ያን ዐቢይ ጾም ሱፍ ፍትፍቱን በዕቃ ሞልቼ አስይዘው ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገብቶ ከእኛው ትሪ ይበላል፤ ትዕግሥት እጁን ታስታጥበዋለች። «መቼም ነርስ ስትሆኚ መርፌ የምትወጊኝ አንቺ ነሽ» እያለ ይቀልድባታል።

ታዲያ ደሞዝ ሠሪዋ ጋ ስገባ እሱም የሰዓት ወረቀት ይዞ ቆሟል። እፎይ አልኩ። ሴትዮዋ ማስታወሻዋን አየችና፣ «ቨርጂኒያ ነኝ ያልሽው አንቺው ነሽ» አለች። በተሰባበረ ቋንቋዬ አስረዳኋት። ክፉ ሰው አልነበረችም። «ውል ከሌለሽ የሚያውቅሽ ሰው ያረጋግጥልኝ፤ አለቃሽ ሜሪላንድ ትኖራለች ካለኝ አሁን አስተካክዬ እልከዋለሁ» አለችኝ።

ዞር አልኩ። «ይንገሯት እንጂ፣ ጋሼ» አልኩት።

እሱ የሰዓት ወረቀቱን ያገላብጣል። ሴትዮዋ፣ «የት እንደምትኖር አታውቅም?» ብላ ጠየቀችው።

«ኖ» አላት።

ለአንድ አፍታ እሱም እንደኔ ተሳስቶ፣ አይ፣ አውቃለሁ ማለቱ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ምን ይሳሳታል! ቀጥሎ፣ «የሠራተኛን የግል ኑሮ አላውቅም» ብሎ አሟላው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲሉ እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ መኪናውን አሙቆ ጠበቀኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አትቀየሚኝ፣ የኔ ልጅ። ወረቀት ነክ ነገር ውስጥ አልገባም። ነገ ሌላ ጥያቄ ቢያመጡብኝስ? ግቢ፣ ብርድ ነው» አለኝ። ከዋሸው ይልቅ ይሄ «ግቢ» ያለው አንገሸገሸኝ። ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ውስጥ አልገባሁም።

የቤት ባለቤታችን ስትመለስ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የታረመው ደብልዩ ቱም መጣ፣ ቨርጂኒያም የወሰደውን መለሰ። የኮሌጁ ቀን ግን አልፎ ነበር። ትዕግሥት እስከዚያው ልሥራ ብላ ፓርኪንግ ካሸርነት ገባች። ቀጥሎ አገር ቤት አባታችን ታመመ፣ ቀጥሎ አገባች፣ ቀጥሎ ወለደች። እስከዚያው ያለችው እስከ ዛሬ ቆየ።

ሰውዬው አለ፤ ሸምግሏል፣ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ይለቀቅለታል። ትዕግሥት ጉንጩን ስማ፣ ጸበል ጻዲቁን ራሷ ታቀርብለታለች። እኔ በሌላ በር እወጣለሁ። ባለፈው እሑድ፣ «አንቺ ግን እስከመቼ ነው? ጋሽ ፍቅሩ እኮ ስኳሩ ተነስቶበት ሰሞኑን ኢንሱሊን የሚወጋው ሰው አጥቶ ሰነበተ» ብላ ቆጣ አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እንዳልሄድለት፣ መርፌ መውጋቱን አልችልበትም» አለች።