ከኋላዬ የምታስፈጨው ሴት

ወፍጮ ቤት የሚያዘወትር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከእናንተ በፊት ያስፈጨው ሰው እህል ጥቂቱ ወፍጮው ውስጥ ይቀርና ከእናንተ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። በርበሬ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ጤፍ ይዞ የሚገባ የሌለው ለዚህ ነው። እኔም አንዲት ሴት ሁልጊዜ ከእኔ ቀጥላ ሽሮ ስታስፈጭ የምጠረጥራት ለዚሁ ነበር።

ሴትዮዋ ቡታጅራ ውስጥ ከእኔ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት። የመስቃን ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ደንበኛ አክባሪ፣ ሰላምታዋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ባሌን ተከትዬ ከጎጃም መጥቼ እዚያው የቀረሁ ነኝ። ሁለታችንም የምንታወቀው በሽሮ ነው። የእኔ ምስጢር ያለው ክኩ ላይ ነው። ክኩን ከቆላሁ በኋላ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት የፈላበትን ውሃ አርከፈክፍበታለሁ፣ በጨርቅ ሸፍኜ አሳድረዋለሁ፣ በማግስቱ ፀሐይ ላይ አድርቄ ወፍጮ ቤት እወስደዋለሁ። ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። እሱ ለተማሪዎቹ ያስተምረዋል ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ቀን ሰልፉ ላይ ላጠምዳት ብዬ ቦታዬን ለቀቅሁላት።

«ቅደሚ እህቴ» አልኳት።

«ኧረ አንቺ ቅደሚ። ወላሂ እኔ አልቸኩልም።»

«እኔም አልቸኩልም።»

«ደንበኛ ይጠብቅሻል እኮ።»

«ያንቺ ደንበኛስ የት ሄዶ ነው?»

«ያንቺን ሽሮ ሊበላ!» አለችና ሳቀች። ወፍጮ ቤቱ በሙሉ አብሯት ሳቀ። ባለወፍጮው «ሴቶች፣ መብራት ሳይሄድ አንዳችሁ ግቡ!» ብሎ ጮኸ። ገባሁ። ምን ላድርግ? ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ ባልዲዋን ወፍጮው አፍ ሥር አስጠግታ ቆማለች።

የቤት ምግብ ውድድር ሊካሄድ ነው የሚለውን ወሬ የሰማነው የተከራየሁት ምግብ ቤት ባለቤት ቤቱን ለግንባታ ሊያፈርሰው እንደሆነና በወሩ መጨረሻ እንድለቅ በነገረኝ ሰሞን ነው። ውድድሩ ወልቂጤ ነው። አሸናፊው ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ በመረጠው ከተማ፣ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ክፍል ለአንድ ዓመት ያለ ኪራይ ይሰጠዋል። ለሌላው ተወዳዳሪ ክብር ነበር፤ ለእኔ ግን ድስቴን የምጥድበት ቦታ ነው። ካላሸነፍኩ ሥራዬ አለቀ። ሥጋ አይፈቀድም ተባለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሳህን እንዲቀምስ። ጥሩ፣ የሽሮ ጊዜ ነው አልኩ። ማዶ ያለችውም ይህንኑ እንዳለች አልጠራጠርም።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ከእሷ ጎን።

«አሰላሙ አለይኩም» አለችኝ ባልዲዋን ወደ መስኮቱ እያስጠጋች።

«እንዴት አደርሽ» አልኳት የእኔን ጭኔ ላይ አድርጌ። ሁለት ሴቶች ሁለት ባልዲ አቅፈን፣ አንገታችንን አቅንተን ተቀመጥን። ሾፌሩ በመስተዋት አይቶን «እናቶች፣ ውስጡ ጫጩት ነው እንዴ?» አለ። ሁለታችንም ባልዲያችንን ጠበቅ አደረግን።

ጉብሬ ስንደርስ ተማሪዎች ሊወርዱ ቆምን። እኔም መውረድ ግድ ሆነብኝ። ባልዲውን ይዤ ሽንት ቤት መግባት ነውር ነው፤ ወንበሬ ላይ ትቼው ሮጥኩ፣ ሮጬ ተመለስኩ። የባልዲው ጨርቅ ቋጠሮ ዞሯል። እኔ ወደ ግራ ነው የማስረው።

«ባልዲዬን ነካሽው?»

«መኪናው ሲንገጫገጭ ሊወድቅ ሲል ደግፌልሽ ነው።»

«መኪናው ቆሞ አልነበር እንዴ?»

«ከመቆሙ በፊት።»

«ከመቆሙ በፊትማ እኔ እዚህ ነበርኩ!»

ከኋላችን አንድ ሽማግሌ «ሀቅ ነው» አሉ። እሷ መስኮቱን ማየት ጀመረች። እኔ እስከ ወልቂጤ ድረስ ጨው ጨምራበት ይሆን፣ ስኳር ይሆን፣ አመድ ይሆን እያልኩ ሄድኩ። እንደደረስን ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ምንም አልሆነም። ይህም አላረጋጋኝም። ካላበላሸችው ምን ፈልጋ ፈታችው?

ግቢው ውስጥ እያንዳንዳችን በየራሳችን ከሰል ማንደጃ ሠራን። ዳኞቹ ድንኳን ውስጥ ሆነው ማን እንደሠራው አያዩም፤ ሳህኑ ላይ ቁጥር ብቻ አለ። የእኔ አራት፣ የእሷ ሰባት። ከጎኔ አንድ የወልቂጤ ሰውዬ የቡላ ገንፎ እያገላበጠ ነበር፤ ቀምሼለታለሁ፣ ጎበዝ ነው፤ እንደማልፈራው ግን ለራሴ ነገርኩት።

ትንሽ ቆይቶ ከድንኳኑ አንዲት መነጽር ያደረገች ዳኛ ወጣች። የምግብ ዝግጅት አስተማሪ ናት አሉ።

«አራትና ሰባት ቁጥር እነማን ናቸው?»

ተነሣን።

«ሁለቱ አንድ ሽሮ ነው። ክኩም፣ ቅመሙም፣ ቅቤውም አንድ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ የራሱን አዘጋጅቶ ያምጣ ይላል። ከሁለታችሁ አንዷ የሌላዋን ሽሮ ነው ያመጣችው።»

«የእሷን? እኔ?» አልን፣ እኩል።

«የመጣችሁትም በአንድ መኪና ነው አሉ» ብላ ለሁለት ለየችንና ወረቀት ሰጠችን። «ሽሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጻፉ፤ የማታውቀው የሌላዋን ያመጣችው ናት» አለች።

አሁን ሳልነግራችሁ ያለፍኩትን ልንገራችሁ። እኔም ንጹሕ አልነበርኩም። የእሷ ሽሮ የሚጣፍጠው በቅቤዋ ነው። ከምን ከምን እንደምታነጥረው ለማወቅ፣ አንጥራ ስትጨርስ የምትደፋውን ዝቃጭ ባጃጅ የምጠብቅ መስዬ ቆሜ በእንጨት በትኜ አይቻለሁ። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ጥቂት የአብሽ ፍሬ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል እንደሷ ካነጠርኩ።

ጻፍኩ። ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ አነበበች። የእኔ በሶብላ በእሷ ወረቀት ላይ አለ፤ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳደሩ ሳይቀር። የእሷ ኮሰረት በእኔ ላይ አለ። ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ታዲያ ይህ የማን ሽሮ ነው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አላውቅም ነበር።

«አንድ ምግብ ሁለት ጊዜ አይወዳደርም» አለች ዳኛዋ። «ተስማሙና አንዳችሁ ውጡ። አለዚያ ሁለታችሁም ቀርታችኋል።»

ዛፍ ሥር ሄድን።

«ሌባ» አልኳት።

«ማን ነው ቆሻሻዬን በእንጨት ሲበትን የነበረው?» አለችኝ። «በመጋረጃ ቀዳዳ አይሽ ነበር። ምስኪን፣ ባጃጁ ሁሉ አለፈሽ።»

ወሬውን አዞርኩ። «ባልዲዬን ለምን ፈታሽ?»

«ላሸተው። ዘንድሮ ምን ጨመረች ብዬ። ምንም አልጨመርሽም። ደግሞ እኔ ሹሩባዬን ሳስተካክል የእኔን ክዳን ማን አነሣ?»

ማንሣቱን አንሥቼ ነበር።

ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «ቤትሽን ሊያፈርሱት ነው አይደል? ቀሪ እኔ ነኝ። አንቺ ተወዳደሪ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንድ ነገር ብቻ። ስለ ምግብሽ ተናገሪ ብለው ማይክራፎኑን ሲሰጡሽ፣ ቅቤው የእሷ ነው በይ። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ወላሂ።»

ይህች ሴት ያለ ምክንያት ምንም አታደርግም አልኩ በሆዴ። ግን ክፍሉን እፈልገዋለሁ። እሺ አልኩ።

ማይክራፎኑን ሲሰጡኝ ላልናገር ዳድቶኝ ነበር። እሷ ከሰው መሐል እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ አትስቅም። «ክኩ የእኔ ነው» አልኩ። «ቅቤው ግን የእሷ ነው። ከእሷ ነው የወሰድኩት።» ሰው አጨበጨበ። ዳኛዋም አጨበጨበች፤ ከዚያ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ሰረዘች።

ክፍሉን የቡላው ሰውዬ ወሰደው። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ፤ አንድ መጥበሻና የምስክር ወረቀት። ዳኛዋ ጠርታ «ለቅቤው ነጥብ ልሰጥሽ አልችልማ፣ የእኔ አይደለም ብለሻል» አለችኝ በርኅራኄ።

በመልሱ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አላለቀስኩም፤ መጥበሻውን አቅፌ መንገዱን አያለሁ። ጉብሬን ስናልፍ እንዲህ አለችኝ።

«በረንዳዬ ሰፊ ነው። ግማሹን ያዢ።»

ዞሬ አየኋት። ነጥቡን እንደሚቀንሱብኝ አውቃ ይሆን ቅቤው የእሷ ነው ያስባለችኝ? ክፍሉን እንዳጣ? ለምን? እኔን በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ምን ታገኛለች?

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሌላ ነገር መጠየቅ አታውቂም? ጠዋት መነሣት ደከመኝ። ቁርሱን አንቺ ያዢ፣ ምሳውን እኔ።»

ወሩ ሳያልቅ ድስቶቼን መንገድ አሻገርኩ። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎናል። አውቃ ነበር ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ረመዳን ማፍጠሪያ ሾርባ ስትሠራ፣ ጾመኛ ናትና እንድቀምስላት ጠራችኝ። በማማሰያ መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችልኝ፤ ላስኩት።

«ጨው በቃው?»

«በቃው» አልኳት።

ዓይኗን አጥብባ ዓይኔን አየችው። ከዚያ ማማሰያውን ይዛ እስከ በረንዳው ጫፍ ሄደችና በመንገድ የምታልፍ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችንን ጠራች።

«ነይማ እህቴ፣ እስቲ አንቺም ቅመሺልኝ።»