ቀጣዩ ስንኝ

የጂንካ ንባብ ቤት ጠባቂ የሆነው ንብረት የሴትዮዋን ስም አያውቅም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከገበያው ግርግር ወጥታ፣ የደበዘዘ ጃንጥላዋን በር ላይ አቁማ ትገባና በገመድ ወደታሰረው ደብተር ታመራለች። ደብተሩ አንባቢዎች የሚጠያየቁበት ነው፤ ሦስት ወር ማንም ያልጻፈበት ገጽ ተቀዶ ይጣላል።

እሷ የምትገልጠው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ወደ ሰሜን የዘመተ ወታደር፣ «‹ኦሞ ቢሞላብኝ ማዶ ቆሜ ዋልኩኝ› የሚለው ዘፈን ቀጣዩ ስንኝ ምን ነበር?» ብሎ ጠይቆበታል። ከሥሩ ያለው ሁሉ የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው፦ «እያሰብኩ ነው።» «ዛሬም አልመጣልኝም።»

ስትጽፍ ግን ያንኑ የተጠየቀውን ቀጣይ ስንኝ ታንጎራጉራለች።

«እትዬ፣ ያውቁት የለም እንዴ!» አላት ንብረት እየሳቀ። «ምናለ ቢጽፉለትና ቢገላገል?»

«ከመለስኩለትማ ጨዋታችን አለቀ» አለች ቀና ሳትል። ቆይታም፣ «ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ወደ ኦሞ ማዶ ቀይረውኛል» ብላ ጃንጥላዋን አነሳች።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ንብረት ገጹን ገለጠ። ስንኙን ከአፏ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ብዕሩን አነሳና ከጽሑፏ ሥር ጻፈ፦

«እኔም ጠፍቶብኛል።»