የማረው ግራ እጅ

ማረው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ብረት እየቀጠቀጠ የሚኖር ሰው ነው። ማረሻ፣ መጥረቢያና ማጭድ ይሠራል። አባቱም አያቱም ይህንኑ ሠርተው ነው ያለፉት። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ የቀኝ ክንዱ ከግራው እጥፍ ወፍሮ ነበር፤ መዶሻ የሚያነሳው በቀኙ ነዋ! ግራው የጋለውን ብረት በጉጠት ከመያዝ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሚስቱ ጥሩብርሃን «ከሁለት ሰው የተገጣጠምህ ትመስላለህ» እያለች ትስቅበታለች።

ኋላ ግን የቀኝ ክርኑ ይጠዘጥዘው ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢታይ «እጅህን አሳርፈው» ተባለ።

«ማሳረፉስ ባልከፋ፤ ማን ይቀጥቅጥልኝ?» እያለ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ያየህ የሚባል ሩዝ አምራች ጎልማሳ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር በግቢው ስፖርት ይሠራሉ፤ የሚያነሱት ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ነበርና የብረት እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ማረው ከጭነት መኪና የወለቀ ዘንግ አቃንቶ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብ ብረት ገጠመለት። ትንንሽ ባለአንድ እጅ ብረቶችም ጨመረበት።

ወስዶ ባስረከበ ዕለት ያየህ «መጀመሪያ ባለሙያው ያንሱት እንጂ!» አለው።

ማረው ዘንጉን ብድግ አደረገው። ቀኙ ሽቅብ ወጣ፤ ግራው ደረቱ ላይ ቀረ። ዘንጉ አጋድሎ ይዞት ሊወድቅ ሲል ወጣቶቹ ደርሰው ደገፉት። ግቢው በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ማረው ነበር።

«አያ ማረው፣ ግራ እጅዎ እንግዳ ነው እንዴ?» አለ ያየህ።

«ሃምሳ ዓመት ልደፍን ነው፤ እስከዛሬ ቁጭ አድርጌ ጦሬው ኖርኩ! በቃ፣ ከእንግዲህ ሥራ ይልመድ።»

ያን ዕለት ትንሹን ብረት በግራው እስኪዝል አነሳ። በማግስቱ ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ትከሻው በዱላ የተቀጠቀጠ መሰለው። ጉጠቱ ከእጁ ሾልኮ የጋለው ማረሻ መሬት ሲወድቅ፣ የማረሻው ባለቤት ዘሎ ከበር ውጭ ተገኘ። ማታ ጥሩብርሃን ትከሻውን በቅቤ እያሸች «በዚህ ዕድሜህ ጎረምሳ ልሁን አልክ?» ትለዋለች፤ እሱ «ቀስ በይ!» እያለ ይስቃል።

አልተወውም። እያሳለሰ ማታ ማታ ወደ ያየህ ግቢ ይሄዳል። ቁርጥማቱን ወደደው፤ ባመመው ቁጥር እጁ እያደገ መሰለው። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ሕመሙ ጠፋ። ማረው ከፋው። «እጄ ማደግ እንቢ አለ» ብሎ አንድ ቀን ማንም ሳያየው ከባዱን ብረት እየደጋገመ አነሳ። ሕመሙስ መጣ፤ ግን የበፊቱ ዓይነት አልነበረም። ትከሻው አብጦ ጋቢውን እንኳ ጥሩብርሃን ነበረች የምታለብሰው።

ያየህ ሊጠይቀው መጣ። «ምን ሆኑ?»

«ሕመሙ ጠፍቶብኝ ፍለጋ ወጥቼ ነው።»

ያየህ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አያ ማረው፣ ወይፈን መጀመሪያ ሲጠመድ ጫንቃው ያብጣል። ኋላ የማያብጠው ማረስ ትቶ ነው?»

«ለምዶ ነዋ!»

«የእርስዎም ለምዶ ነው። ሕመሙን ይተዉትና ብረቱን ይዩት። መጀመሪያ ያደከመዎትን ብረት አሁን አሁን በግራዎ ይዘው ከእኔ ጋር ወሬ ያወራሉ እኮ!»

ማረው አሰበና ፈገግ አለ። እውነቱን ነው። ትከሻው ሲሻለው ከቀላሉ ጀመረ፤ ሲቀለው ብቻ ትንሽ ይጨምራል።

በሁለተኛው ክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ገበያተኛው ተመናመነ። ማረው ጊዜ አገኘና መዶሻውን በግራው ሞከረ። ብረቱን እየሳተ ከሥሩ ያለውን መስፍ ብቻ ሲደበድብ ጎረቤት «ምን ነካው?» አለ። መስከረም ሲጠባ ግን ምቱ መስመር ያዘ። ቀኙ ሲደክመው ለግራው ያቀብላል፤ ክርኑም ቀስ በቀስ ጋብ አለለት።

ኅዳር ላይ ሩዙ ደርሶ የማጭድ ፈላጊው በሩን ሞላው። ወለተ ሐና የምትባል ገበሬ ከሰው መሐል ተጋፍታ ገባች።

«አያ ማረው፣ በእመቤታችን! ሩዜ እየረገፈ ነው።»

«መጣሁልሽ» አለና መዶሻውን ወደ ግራው አዛውሮ ማጭዷን ቀጥቅጦ ጨረሰላት፤ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቸስ አለ። ወለተ ሐና ከደጅ የሩዝ ገለባ አንስታ ስለቱን ሞከረችው። «ይቆርጣል!» አለችና መርቃው እየሮጠች ወደ ማሳዋ ወረደች።

ማረው መዶሻውን ለቀኙ መለሰና የሚቀጥለውን ብረት እሳት ውስጥ ከተተ።